እንጨቱን አትውቀሱት

ገና በቀረበ ቁጥር በየቤተ ክርስቲያናችን አንድ የቆየ ክርክር ይነሣል። «ክርስቲያን ቤቱን በገና ጌጥ ማስጌጥ ይገባዋል ወይ?» ይባላል። ወዲያው ኤርምያስ ምዕራፍ 10 ይገለጣል፤ ከዱር ስለ ተቆረጠው፣ በብርና በወርቅ ስላጌጡት እንጨት ይነበባል። ፍርዱም ይሰጣል፦ «ይህ ጣዖት ነው።»

እኛ ግን ክፍሉ እስከ ፍጻሜው ይነበብ እንላለን። ነቢዩ የሚናገረው ሰዎች ስለሚፈሩትና ስለሚሰግዱለት ምስል ነው። የማይናገረውን፣ ሰው ካልተሸከመው የማይንቀሳቀሰውን ነገር ለምን ትፈሩታላችሁ ነው ሙግቱ። ኢሳይያስ 44 ደግሞ በአንዱ ግንድ ግማሽ እንጀራ ሲጋገር፣ በቀረው አምላክ ሲሠራ ያሳየናል። ኃጢአቱ በእንጨቱ ውስጥ ቢሆን ኖሮ እንጀራውም በረከሰ ነበር። ነገሩ ያለው በሚሰግደው ልብ ውስጥ ነው። በዘጸአት 31 እግዚአብሔር ባስልኤልን በመንፈሱ የሞላው እንጨት እንዲጠርብም ጭምር እንደ ነበር አንርሳ።

በክልከላ መንገድ ከእኛ በፊት የሄዱ አሉ። የማሳቹሴትስ ፒዩሪታኖች እ.ኤ.አ. በ1659 ገናን በሚያከብር ሰው ላይ የ5 ሺሊንግ ቅጣት ደነገጉ። ሕጉ በ1681 ተሻረ። ቅጣት በዓልን ለጊዜው ሊያስቀር ይችላል፤ ከልብ ውስጥ ጣዖትን ማውጣት ግን አይችልም።

ይህን ስንል «በክርስቶስ ነፃ ነን» የሚሉ ወገኖች ደስ እንዳይላቸው። ለእነርሱም ቃል አለን። በታኅሣሥ ከውጭ የመጣውን የፕላስቲክ ዛፍና የሚብለጨለጨውን መብራት ለመግዛት የምንሻማው ለምንድን ነው? ጎረቤት ስለ ገዛ አይደለምን? ልጆቻችን እንዳያፍሩብን ፈርተን አይደለምን? የቤት ኪራይ ሳይከፍል ለጌጥ የሚበደር አባት የሚፈራው ነገር አለው። ኤርምያስ «አትፍሩ» ያለው እንዲህ ያለውን ነው። ጣዖት ፍለጋ ዛፉን ከምንመረምር ያንን ፍርሃት እንመርምር።

ታዲያ ምን እናድርግ? በቤታችን፣ በእጃችን፣ ከልጆቻችን ጋር እንሥራ። በየሰፈሩ የእንጨት ሥራ ቤት አለ። ቁርጥራጭ ለምኑ፤ ብዙ ጊዜ ለማገዶ የሚጣል ነው። መጋዙን ትልቅ ሰው ይያዝ። ልጆች የተቆረጠውን ኮከብና በግ በብርጭቆ ወረቀት ይሹት፤ ሻካራው ልስልስ እስኪል ይድከሙበት። ከአራት አጫጭር ጣውላዎች ግርግም ይሠራል፤ በኮላ ይያያዝ፣ ጥቂት ጭድ ይነስነስበት። የበጉን ዓይን በከሰል ነጥብ አድርጉ። ኮከቡን ብሱና በሲባጎ በመስኮት ላይ ስቀሉት። ጽድ መቁረጥ አያስፈልግም፤ ብድርም አያስፈልግም።

እጅ ሲሠራ አንዱ ሉቃስ 2ን ያንብብ። ያን ጊዜ ልጁ «ለምን ከብት በሚበላበት ውስጥ አስተኙት?» ብሎ ይጠይቃል። ግርግሙን ራሱ ሲሠራ ጠባብነቱንና ሻካራነቱን በጣቱ አውቆታልና ጥያቄው የራሱ ነው።

በጀርመን፣ በሳክሶኒ ተራሮች ያለችው የዛይፈን መንደር ሰዎች ማዕድን ቆፋሪዎች ነበሩ። ማዕድኑ እየተመናመነ ሲሄድ ኑሯቸውን ወደ እንጨት ሥራ አዞሩ። በዚያ አካባቢ ልማድ በገና ሰሞን ለሴት ልጅ መልአክ፣ ለወንድ ልጅ ማዕድን ቆፋሪ ከእንጨት ተሠርቶ፣ ሻማ ይዞ በመስኮት ይቆማል። የአባታቸውን የድካም ሥራ በልደቱ ብርሃን አጠገብ አቆሙት። እኛስ? የአባቶቻችን ገና ጫፉ በቆለመመ ዱላና በሩር የሚከበር ነበር። ያን ዱላ የያዘ እረኛ በግርግሙ አጠገብ ብናቆም ማን ይከለክለናል?

«ጊዜ የለንም» የሚል ይኖራል። ኑሮ ከባድ መሆኑን እናውቃለን። ነገር ግን ዘዳግም 6 ልጆችን የማስተማር አደራ የሰጠው ለወላጅ ነው፤ የሰንበት ትምህርት መምህሯ በሳምንት አንድ ሰዓት ብቻ ነው ያላት። በአሜሪካና በአውሮፓ ያላችሁ ወገኖች ደግሞ ልጆቻችሁ ወንጌሉን በአማርኛ አይሰሙም ብላችሁ ታዝናላችሁ። አንድ ምሽት ስልኩን አስቀምጡ፤ ጠረጴዛው ላይ እንጨትና ኮላ ይቅረብ፤ ታሪኩን በአፍ መፍቻችሁ ንገሯቸው።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። የሠራነውን በፌስቡክ ለመታየት ከሠራነው ከፕላስቲኩ አልተሻልንም። ለእንጨቱም ልዩ ክብር መስጠት ከጀመርን ሕዝቅያስን እናስታውስ። ሙሴ በእግዚአብሔር ትእዛዝ የሠራውን የናስ እባብ እንኳ ሕዝቡ ባጠኑለት ጊዜ ሰባብሮታል፤ 2ኛ ነገሥት 18። እንዲህ ያለ ቀን ከመጣ ኮከቡን ወደ ምድጃ ጨምሩትና ቡና አፍሉበት።

በግርግም የተኛው ሕፃን አድጎ በገዛ አገሩ ሰዎች «ጸራቢው» ተባለ፤ ማርቆስ 6፥3። እነርሱ ሊንቁት ነው ያሉት። እርሱ ግን ሻካራ እጅ ባለው ሰው አላፈረም፤ በመጨረሻም ስለ እኛ በእንጨት ላይ ተቸነከረ። ታኅሣሥ 29 ከመድረሱ በፊት ይህን ለልጆቻችሁ ንገሩ። ቤታችሁ ድሃ መሆኑ አያሳፍራችሁ፤ እርሱ የመጣው ወደ እንዲህ ያለ ቤት ነው።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።