ዝቅ ስላለችው ፒካፕ

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወዳጄ ቡና ሊጠጣ ወደ ቤቴ ብቅ ባለ ጊዜ፣ ገና ደጃፉን ሳይረግጥ በግቢው ውስጥ ከቆመችው ፒካፕ ፊት ቆሞ ጥቂት ካስተዋላት በኋላ፣ «ምነው ይህችን መኪና አሳጠርሃት? ስትገዛት እንደ ግመል ከፍ ብላ ግርማ ሞገስ ነበራት እኮ!» አለኝ።

«ግርማውስ ነበራት» አልሁት፤ «ነገር ግን ያ ግርማ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና በሚያወርደው ቁልቁለት ላይ ከሕይወቴ ሊለየኝ ጥቂት ነበር የቀረው። ግባና ተቀመጥ፤ አቦሉ እስኪቀዳ ላጫውትህ።»

ከተቀመጠም በኋላ ነገሩን ከሥሩ ጀመርሁለት። ፒካፗ የ2012 ሞዴል ሃይሉክስ ናት፤ ከፊት በሞላ፣ ከኋላ በባሌስትራ የተሸከመች። ከእኔ በፊት የነበረው ባለቤቷ ቁመት እንዲጨመርላት ወዶ ለአንድ ሠራተኛ ሰጥቷት ኖሮ፣ ያ ሠራተኛ ከኋላ በባሌስትራውና በአክስሉ መካከል ሁለት የብረት ቁራጮች አንዱን ባንዱ ላይ ደራርቦ 8 ሳንቲ ሜትር አነሣት፤ ከፊትም በሞላው ራስ ላይ 4 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ቁራጭ አገባበት። ሞላው የታችኛውን ክንድ የሚጫነው በጫፉ ሳይሆን ወደ መካከሉ ገደማ ስለ ሆነ፣ በራሱ ላይ የተጨመረው 4 ሳንቲ ሜትር ከጎማው ዘንድ ሲደርስ ወደ እጥፍ ይጠጋል።

«ታዲያ ቁመት መጨመር ኃጢአት ነውን?» ሲል ወዳጄ አቋረጠኝ። «የገጠሩን መንገድ ታውቀዋለህ፤ ድንጋዩም ወንዙም ዝቅ ያለ መኪና አያሳልፍም።»

«ኃጢአትስ አይደለም። ጥፋቱ ቁመቱን ብቻ ለውጦ፣ ከቁመቱ ጋር የተሳሰሩትን ሌሎቹን ሕዋሳት ሁሉ እንደ ነበሩ መተዉ ነው። ሐዋርያው ስለ ብልቶች አንድነት ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈውን ምሥጢር በብረት ላይ ሲፈጸም ለማየት የሚሻ ሰው ቢኖር፣ ከዚህች መኪና ሥር ገብቶ ይመልከት ባልሁ ነበር።» ኃይልን ወደ ፊት ጎማዎች የሚያደርሱት ዘንጎች ከልካቸው በላይ አዘቅዝቀው፣ ግሪሳቸውን ከአፈር የሚጠብቀው የጎማ ቆብ ተቀዶ ነበር። ጎማው የሚዞርበት ምሰሶ ወደ ኋላ ዘንበል ማለቱ መሪው ከተጠመዘዘ በኋላ በራሱ ወደ ቀጥታው እንዲመለስ የሚያደርገው ስለ ሆነ፣ ያ ዘንበልታ በመነሣቷ ምክንያት ቢቀንስ ጊዜ መሪዋ እንደ ባዘነ ሰው ዐንገት በዞረበት ይቀር ጀመር። ከኋላም የክሮቸራዎቹ ማእዘናት ተካክለው የአንዱን መዛነፍ ሌላው ይሽር የነበረው ሥርዐት ስለ ፈረሰ፣ ከቆመችበት በተነሣች ቍጥር ወለሉ ይንቀጠቀጥ ነበር። ስለ ተደራረቡት ቁራጮችማ ምን ልበልህ? ፍሬን በተያዘ ጊዜ አክስሉ ሊጠመዘዝ ሲታገል ቁራጮቹ እንደ ረጅም ማንሻ ሆነው ኃይሉን ስለሚያበዙለት፣ ባሌስትራው እንደ እባብ ይጥመለመላል።

«ይህ ሁሉ ግን ለሚያይ ዓይን ይታያል» አልሁት። «ከሁሉ የከፋው የማይታየው ነበር። በኋላው አክስልና በሻሲው መካከል አንዲት ቀጭን ዘንግ አለች፤ ግብሯም የጭነቱን መጠን ለፍሬኑ መመስከር ነው። መኪናዋ ተጭና አካሏ ወደ አክስሉ ሲቀርብ፣ ዘንጓ ቫልቩን ገፍታ ለኋላ ፍሬን የሚሄደውን ግፊት ታበዛለች፤ ባዶ ሆና ከፍ ስትል ደግሞ፣ የኋላ ጎማ ተይዞ እንዳይንሸራተት፣ ግፊቱን ትቀንሳለች። እንግዲህ አካሏን በብረት ቁራጭ አንሥተህ ዘንጓን እንደ ነበረች ብትተዋት ምን ትመሰክራለች?»

ወዳጄ ሲኒውን አስቀመጠ። «ሁልጊዜ ባዶ ናት ብላ ነዋ!»

«የሐሰት ምስክር ሆነች። ለእናቴ ቤት ማደሻ 8 ኩንታል ሲሚንቶ ጭኜ፣ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጣርማ በር ዋሻ ወጥቼ ቁልቁለቱን በተያያዝሁ ጊዜ፣ የኋላው ፍሬን ባዶ መኪና እንደሚይዝ ሰው ለዘብ ብሎ ስለ ተቀመጠ፣ ያ ሁሉ ሸክም በፊተኛው ላይ ወደቀ። መጀመሪያ የተቃጠለ ሽታ መጣ፤ ቀጥሎ ፔዳሉ ከእግሬ በታች እየሰመጠ ሄደ። ማርሹን ወደ አንደኛ መልሼ፣ በሞተሩ ጕልበት ብቻ ጥግ ጥጉን ይዤ ባልወርድ ኖሮ፣ ይህን ቡና አብረን ባልጠጣን።»

ጥቂት ዝም ካልን በኋላ፣ «ማን አቃናልህ?» አለኝ። አንድ አረጋዊ መካኒክ ከሥሯ ተኝተው ከመረመሯት በኋላ፣ ሠራተኛው ንባቡን እንጂ ትርጓሜውን አልተማረም ብለው ያዘኑትን ነገርሁት። እኔም ያዘንሁት በዚሁ ነው፤ ሰው ነፍሱን አምኖ በሚሰጥበት ሥራ ላይ ግማሽ ዕውቀት ይዞ እጁን የሚያነሣ ሰው፣ አላወቅሁም በማለት ብቻ ከበደል ነጻ ሊሆን አይገባውም። እርሳቸው ቁራጮቹን ሁሉ አውጥተው ጣሉ። ከኋላ ቅስቱ በልክ የተሠራ ባሌስትራ፣ ከፊትም ለቁመቱ የሚስማማ ሞላና አሞርዛተር አገቡ። አንድ ጊዜ በኃይል የተሳበ ብረት ዳግመኛ አይታመንም ብለው፣ ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚጠፍሩትን ጎባጣ ቡሎኖች በአዲስ ለወጡ፤ የባሌስትራውን ጫፎች የሚይዙትንም ያጠበቁት መኪናዋ በገዛ እግሯ ቆማ ሳለች ነው። በአየር ላይ ተንጠልጥላ ሳለች ቢያጠብቋቸው ኖሮ በመገጣጠሚያው ውስጥ ያለው ጎማ ሁልጊዜ እንደ ተጠመዘዘ ይኖርና ፈጥኖ ይቀደድ ነበር። የፍሬኗን ዘንግ ለአዲሱ ቁመት አስተካክለው፣ አላይመንቱን አስለክተው፣ ወደ ሰማይ ያበሩ የነበሩትን የፊት መብራቶች እንኳ ወደ መንገዱ መልሰው ሰጡኝ።

«ወደ ጥንት ቁመቷ ፈጽመህ ለምን አልመለስሃትም?»

«4 ሳንቲ ሜትር ተውሁላት። ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ እናቴ ቤት የሚወስደው መንገድ ጅረት ያቋርጣል። የሚያስፈልገኝ ያ ብቻ ነው።»

ወዳጄ አንገቱን ደፍቶ ሲያስብ ከቆየ በኋላ፣ የአማቹ ልጅ በቅርቡ እንዲሁ ፒካፑን ማስነሣቱን፣ ነገ ማልዶም ወደ እርሱ ሄዶ ያችን ዘንግ ፈልጎ እንደሚያይ ነገረኝ። እኔም አረጋዊው 500 ኪሎ ሜትር ከሄድህ በኋላ የጎባጣ ቡሎኖቹን ዳዶዎች እንደገና ፈትን ያሉኝ ትዝ ቢለኝ፣ በረካው ሳይቀዳ ተያይዘን ወደ ግቢው ወጣን። እርሱ መብራት ያዘልኝ፤ እኔ ልኩን የሚያሳየውን ቁልፍ ይዤ ከሥሯ ገባሁ። ከስምንቱ ዳዶዎች ስድስቱ ንቅንቅ አላሉም፤ ሁለቱ ግን ሩብ ዙር ያህል ዞሩ።