የ30 አጎራው ትምህርት በማን ቋንቋ ይሰጥ?

በአሽቀሎን ከሱፐር የምንገዛው ባለ አንድ ሊትር ተኩል ውሃና ለስላሳ ከዲሴምበር 1 ቀን 2021 ጀምሮ በየጠርሙሱ የ30 አጎራ ፒካዶን (መያዣ) ይከፈልበታል። ስድስት ጠርሙስ ባለበት አንድ እሽግ ላይ 1 ሸቅል ከ80 እንጨምራለን ማለት ነው። በሳምንት ሁለት እሽግ የሚገዛ ቤተሰብ በዓመት ወደ 187 ሸቅል ያስይዛል። ባዶውን የመለሰ ገንዘቡን ይወስዳል፤ ያልመለሰ ይቀርበታል።

ነገሩን ያከበደው ቀድሞ የተማርነው ትምህርት ነው። ከዚያ በፊት ትልልቁን ጠርሙስ ጨፍልቃችሁ በየመንገዱ ዳር ባለው የሽቦ ቅርጫት ክተቱ ስንባል ነበር። ያንን በደንብ የለመዱ እናቶችና አባቶች ዛሬም የሚጨፈልቁ አሉ። የተጨፈለቀውን ጠርሙስ ግን ማሽኑ ባርኮዱን ማንበብ ስለሚያቅተው አይቀበለውም። ትናንት አካባቢን ጠባቂ ያሰኘ ልማድ ዛሬ ገንዘብ ያስቀራል ማለት ነው።

ደንቡም ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል። የትናንሽ ጠርሙሶችና ጣሳዎች ፒካዶን በ2001 ተጀመረ። በጃንዋሪ 2017 በትልልቅ ሱፐሮች ለአንድ ፌስታል 10 አጎራ መክፈል መጣ። በኖቬምበር 2021 በሚጣሉ የፕላስቲክ ሳህኖችና ብርጭቆዎች ላይ በኪሎ 11 ሸቅል ግብር ተጣለ፤ በ2022 መጨረሻ የተመሠረተው መንግሥት ደግሞ ወዲያው ሻረው። (ሠርጉና ተዝካሩ በመቶ የሚቆጠር እንግዳ ለሚጠራ ማኅበረሰብ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።) እንዲህ የሚለዋወጥ ነገር በታተመ ወረቀት አይያዝም። ስለዚህ ትምህርቱ በስልክና በኮምፒውተር ይሰጥ የሚሉትን እንደግፋለን።

ጥያቄያችን ለማን ይደርሳል ነው። ሱፐሮች ዋጋቸውን በኢንተርኔት እንዲያወጡ ከ2015 ጀምሮ በሕግ ስለተገደዱ ዋጋ የሚያወዳድሩ የስልክ ፕሮግራሞች ተሠርተዋል፤ በዕብራይስጥ። የትምህርት ቤቱ የአካባቢ ጥበቃ ትምህርት፣ በተለይ በ2020 በኮሮና ጊዜ ልጆች በኮምፒውተር መማር ከለመዱ ወዲህ፣ በስክሪን ይመጣል፤ እሱም በዕብራይስጥ ለልጁ ነው። ልጁ በደብዳቤው፣ በባንኩና በሐኪሙ ዘንድ የእናቱ ተርጓሚ ሆኖ አድጓል። አሁን ደግሞ በዘንቢሏ ላይ ተቆጪ ሊሆን ነው። ይህን አንወደውም። በጎንደር ገጠር ውሃ ከወንዝ በእንስራ ተሸክማ ያመጣች፣ ስንቅ በአገልግል የቋጠረች፣ የዘይት ጀሪካን አጥባ ዓመታት የተገለገለችበት እናት ስለ ቁጠባ ከልጇ የምትማረው ብዙ የለም። የጎደላት አዲሱን ደንብ በራሷ ቋንቋ መስማት ነው።

በአማርኛ ተርጉሞ መጻፍም ብቻውን አይበቃም። ከሽማግሌዎቻችን ውስጥ ዕብራይስጥም አማርኛም የማያነቡ ብዙ ናቸው። ስልክ ግን በየኪሳቸው አለ፤ የድምፅ መልእክት ይሰማሉ፣ ይልካሉም። የሬቃ ሬድዮ የአማርኛና የትግርኛ ፕሮግራም በጆሮ የሚመጣ ትምህርት እንደሚገባ ለረጅም ዘመን አሳይቷል። ማዘጋጃ ቤቱና ማትናሶቹ ደንብ በተለወጠ ቁጥር የአንድ ደቂቃ ድምፅ በሁለቱ ቋንቋዎች ቢልኩ ወጪው ከአንድ ትልቅ ማስታወቂያ ሰሌዳ አይበልጥም።

ለአሽቀሎን ደግሞ የራሷ ትምህርት አላት። ከ2005 ጀምሮ በባሕሩ ዳር የባሕርን ውሃ ጨው የሚለየው ፋብሪካ በዓመት ወደ 120 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የማጣራት አቅም አለው። ሥራው ብዙ ኤሌክትሪክ ይፈጃል። ይህ ሁሉ ተደክሞበት፣ የቧንቧው ውሃ በጤና ሚኒስቴር ቁጥጥር ሥር ሆኖ ሳለ፣ እኛ ስድስት ስድስቱን ተሸክመን ደረጃ እንወጣለን። ጣዕሙን የማይወዱ አሉ፣ አንፈርድባቸውም። ሁለቱን እሽግ ወደ አንድ ማውረድ ግን ከማሽኑ ፊት ከመሰለፍ ይቀላል፤ አትግዙ ብሎ የሚያስተዋውቅ ነጋዴ ስለሌለ አልሰማነውም እንጂ።

እስከዚያው የመጀመሪያው የድምፅ መልእክት ሊል የሚገባውን እኛ እንጻፈውና ማንበብ የሚችል ለማይችለው ያሰማ፦ ጠርሙሱን አትጨፍልቁ። ባርኮዱ ያለበትን ወረቀት አትላጡ። የወተት ጠርሙስ ፒካዶን ስለሌለው ወደ ማሽኑ አትውሰዱት፤ ብርቱካናማው የቆሻሻ ሣጥን ውስጥ ይገባል።