የእኛ ቆዳ አይቀላም

አያቴ ዳሌያቸው ተሰብሮ የአልጋ ቁራኛ ከሆኑ በኋላ፣ ቂርያት መናሔም ወዳለው ቤታችን አንዲት ነርስ ትመጣ ነበር። አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ። አንድ ቀን ወገባቸውን ገልጣ አየችና «ቅላት የለም» አለች። ያማቸው እንደሆነ እንድጠይቅላትም ነገረችኝ። አያቴ «ደህና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን» አሉ። እኔም ቃል በቃል ወደ ዕብራይስጥ መለስኩት። በአራተኛው ቀን ቆዳው ተከፈተ።

ነርሷ የተማረችውን ነው ያደረገችው። የአልጋ ቁስል የሚጀምረው አጥንት ለቆዳ በሚቀርብበት ቦታ፣ ከወገብ በታች፣ ዳሌና ተረከዝ ላይ ነው። ሰው ሳይገላበጥ ብዙ ሰዓት ሲተኛ ቦታው ይጫናል፤ ደም በደንብ አይደርሰውም፤ ሥጋው መሞት ይጀምራል። የመጀመሪያው ምልክት በጣት ሲጫኑት የማይጠፋ ቅላት ነው ይባላል። በነጣ ቆዳ ላይ እውነት ነው። በአያቴ ቆዳ ላይ ግን ቦታው ትንሽ ጠቆር ወይም ወይን ጠጅ ሊመስል ይችላል፤ ጭራሽ ምንም ላይታይም ይችላል። ያኔ መመርመር ያለበት እጅ ነው። ከዙሪያው ይልቅ ይሞቃል ወይስ ይቀዘቅዛል? ጠጥሯል ወይስ እንደ ረጠበ ስፖንጅ ላልቷል? ሲነካ ፊታቸውን ያኮማትራሉ? በ2019 የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያም ጠቆር ያለ ቆዳ ሲመረመር ሙቀቱም እንዲታይ ይመክራል።

የቁስል መሸፈኛ ገዝተን ከነቢያት መንገድ ስንመለስ፣ ኢትዮጵያ መንገድ ላይ፣ ደብረ ገነት ግንብ አጠገብ እናቴ ቆም አለች። «ከሳምንት በፊት ሳጥባቸው ቦታው ትኩስ ነበር» አለችኝ።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽም?»

«ማን ጠየቀኝ? ደግሞስ የእናቴን ገላ እንዴት ብዬ ላውራ? ነውር አይደለም?»

የነርሷ ዓይንና የእኔ ዕብራይስጥ የሳቱትን የእናቴ እጅ አግኝቶት ነበር። እኔም የሶሻል ወርክ ተማሪ ሆኜ፣ ስለ ባህል ፈተና የተፈተንኩ ሰው፣ «ደህና ነኝ» ጨዋነት እንጂ መልስ እንዳልሆነ ለነርሷ አልነገርኳትም። የሽማግሌ ሕመም በልጅ ልጅ አፍ መተርጎም የለበትም እላለሁ። አያቴ ለእኔ ስለ መቀመጫቸው ምን ይነግሩኛል? የግድ እኛ ከተረጎምን ግን ቢያንስ «ዳስሰሽ እይ፤ የምታጥባቸውንም ጠይቂ» እንበል። ነርሲንግ የምትማሩ ጓደኞቼ፣ ክፍል ውስጥ የሚታየው ሥዕል ሁሉ የነጣ ቆዳ ከሆነ እጃችሁን አውጡ። ካላወጣችሁ ማን ያወጣል?

ቤት ላላችሁ ደግሞ፦ ቦታውን በቅቤም በቫዝሊንም አትሹት። በፍቅር ነው የምናሸው፣ አውቃለሁ፤ ግን የተጎዳውን ሥጋ ይብስ ይጎዳዋል። ተረከዙ ፍራሹን እንዳይነካ ከባቱ ሥር ትራስ አድርጉ። ላብና ሽንት እንዳያርሳቸው ተጠንቀቁ፤ ስለ አየር ፍራሽ ነርሷን ጠይቁ። በየሁለት ሰዓቱ አገላብጡ፤ ስታገላብጡም አትጎትቱ፣ አንሱ።

በየሁለት ሰዓቱ ማለት ግን ቀላል ነው። ከ1988 ጀምሮ በሚሠራው የሲዑድ ሕግ ቢቱዋሕ ለኡሚ የመታፔሌት ሰዓት ይሰጣል፤ የእኛዋ መታፔሌት እኩለ ቀን ላይ ትሄዳለች። የቀረው ቀንና ሌሊቱ በሙሉ የእናቴ ነበር። ወንድሞቼ ለማንሳት ጉልበት አላቸው፤ ነውር ነው ብለን አላስነካናቸውም። አሁን ተራ አውጥተናል፣ እነሱም ገብተዋል። ቁስሉ ገና አልተዘጋም። የእኔ ተራ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው።