አንድ ቅጅ ለራስ፣ ሺህ ቅጅ ለገበያ



አጎቴ ደባርቅ ላይ መምህር ነበሩ። ጐንደር ወርደው በደመወዛቸው የሚገዙትን ካሴት ሳጥን ውስጥ ቆልፈው ያስቀምጡና የሚያዳምጡት ቅጅውን ነበር። ክሩ ሲጠላለፍ በእስክሪብቶ ያጠነጥኑታል፤ ጨርሶ ሲበጠስ ከዋናው ሌላ ይቀዳሉ። ለመሆኑ እኒህ ሰው ሌባ ነበሩን?

አልነበሩም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 በአንቀጽ 9፣ አንድ ግለሰብ ለሕዝብ የቀረበን ሥራ ለግል መገልገያው ብቻ በአንድ ቅጅ ቢያባዛ ባለመብቱ ሊከለክለው እንደማይችል ደንግጓል። ይህን ቀላል ነገር አድርገን አንመልከተው። በብሪታንያ የገዙትን ሙዚቃ ለራስ መቅዳት የተፈቀደው በ2014 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ፈቃዱን በቀጣዩ ዓመት ፍርድ ቤት ሽሮታል። የሻረበትም ምክንያት መንግሥት ባለመብቶቹ ካሣ እንደማያስፈልጋቸው በበቂ ማስረጃ አላሳየም የሚል ነበር። በዚህ ረገድ የእኛ ሕግ ለአድማጩ የተሻለ ርኅራኄ አለው።

ችግሩ የሚመጣው የአጎቴን መብት ነጋዴው ሲለብሰው ነው። በቅርቡ ፒያሳ ከሚገኝ አንድ ሱቅ ገብቼ ፍላሽ አስሞላሁ። ባለሱቁ ቀድሞ ያስተማርኩት ልጅ ነው። የጠየቀኝ ስንት ጊጋ እንደምፈልግ እንጂ የማንን ዘፈን እንደሆነ አይደለም። ከፈልኩ፤ አመስግኜም ወጣሁ። ከከፈልኩት ገንዘብ ውስጥ ለዘፋኙ፣ ለገጣሚውም ሆነ ለዜማ ደራሲው የሚደርስ አንዳች ሳንቲም እንደሌለ የተረዳሁት ደጃፉን ከተሻገርኩ በኋላ ነው። ሕግ የሚያነብ ሰው ሆኜ ይህን ማድረጌ ያሳፍረኛል።

«እኔ የቀዳሁት ለራሴ ነው» ብዬ ማምለጥ አልችልም። የቀዳው እርሱ ነው፤ የቀዳውም ለገንዘብ ነው። ስለዚህ ድንበሩ መቅጃው መሣሪያ ላይ ሳይሆን ከመቅዳቱ ማን አተረፈ በሚለው ጥያቄ ላይ ነው።

ተመልሼ ይህንኑ ስነግረው ልጁ አንገቱን ደፍቶ፣ «መምህር፣ ልክፈል ብልስ ለማን ልክፈል? ተቀባዩን ያሳዩኝ» አለኝ። መልስ አጣሁለት።

አዋጁ ሲወጣ መብቱን አውቆ የጣሰ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት እንደሚጠብቀው አስፍሯል። ይሁን እንጂ ቅጣቱ ቢከብድ ለሕጋዊ ክፍያ መንገድ ካልተከፈተ ሕጉ ማስፈራሪያ ሆኖ ይቀራል። በ2007 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 872 ባለመብቶች በማኅበር ተደራጅተው ክፍያ የሚሰበስቡበትን በር ከፍቷል። ያ በር ፒያሳና ደባርቅ ድረስ መከፈት አለበት። ባለሱቁ የንግድ ፈቃዱን ሲያድስ መጠነኛ ዓመታዊ ክፍያ ይክፈል፤ ደረሰኙን ግድግዳው ላይ ይስቀል፤ ገንዘቡም ለባለመብቶቹ ይከፋፈል። ነገሩ ለዓለም እንግዳ አይደለም። ጀርመን በ1965 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ የመቅረጫ መሣሪያ የሚያመርቱና የሚያስመጡ ለደራስያን እንዲከፍሉ አድርጋለች።

«ሕዝቡ ድሃ ነው» የሚል ሙግት ይነሣል። እውነት ነው። ግን ይኸው ድሃ ሕዝብ ጐንደር ላይ አዝማሪ ቤት ሲገባ ማሲንቆ መቺው ስሙን ጠርቶ ሲያወድሰው ዝም ብሎ አይወጣም። ያለውን ብር ግንባሩ ላይ ይለጥፋል። ካልሰጠ ያፍራል።

ያ እፍረት ዘፋኙ ከፊታችን ሲሰወር ለምን አብሮት ይሰወራል? የአጎቴን አንድ ቅጅ አንንካባቸው። ሺህ ጊዜ የሚቀዳው ግን ለአዝማሪው የሚገባውን ይክፈል፤ እኔንም ጨምሮ የምናስቀዳው ዋጋውን እንቻል።

ቸር ይግጠመን።