እጢውን ቆጥረን ደም ስሩን ለምን እንተወዋለን?

በአንገታችን ውስጥ በግምት 300 የሚሆኑ የሊምፍ ኖዶች አሉ፤ በመላው ሰውነት ካሉት ከሲሶ በላይ ማለት ነው። ስለዚህ አንገት ላይ ፕሮብ ያሳረፈ ሰው ኖድ አያጣም። ጣጣው ያለው ከዚያ በኋላ ነው። በልምምድ ወቅት ካነበብኳቸው ሪፖርቶች ብዙዎቹ «በአንገት ግራና ቀኝ በርካታ ያበጡ ኖዶች ታይተዋል፣ ትልቁ ይህን ያህል ነው» ብለው ያበቃሉ። ይህንንማ ሐኪሙ በእጁ ዳሶ አውቆታል እኮ! እኛ ዘንድ የላከው እጁ የማይደርስበትን እንድንነግረው ነው።

በእኔ አስተያየት ስለ ካሮቲድና ስለ ጁጉላር የሚናገር አንድ መስመር የሌለው የአንገት እጢ ሪፖርት ከክፍላችን መውጣት የለበትም። የተማሪ የልምምድ ሪፖርትም ቢሆን።

የአንገት ካንሰር ብዙ ጊዜ የሚዛመትባቸው ከሌቭል 2 እስከ ሌቭል 4 ያሉት ኖዶች የተደረደሩት ጁጉላር ቬንን ተከትለው ነው። ካሮቲዱም፣ ቬገስ ነርቩም እዚያው አንድ ሽፋን ውስጥ ናቸው። ካንሰሩ የኖዱን ቅርፊት ሰብሮ ሲወጣ መጀመሪያ ስቡን፣ ቀጥሎ ጡንቻውንና ደም ስሩን ያገኛል። ጁጉላሩን ቢይዝ ሰርጂኑ በአንድ ወገን ያለውን አብሮ ሊያወጣው ይችላል፤ የሌላው ወገን ሥራውን ይሸፍናል። ካሮቲድ ግን ሌላ ነገር ነው። አንጎልን የሚመግብ ስለሆነ እሱን መቁረጥ ማለት ስትሮክን፣ አንዳንዴም ሞትን መጋበዝ ነው። በካንሰር ደረጃ አሰጣጥም ካሮቲድን ከቦ የያዘ ዋና እጢ «ቲ 4 ቢ» ተብሎ እጅግ ከገፋው ክፍል ይመደባል።

ታዲያ «ከቦታል» የሚባለው ስንት ሲሆን ነው? እ.ኤ.አ. በ1995 ዩሰምና ባልደረቦቹ ራዲዮሎጂ በተባለው መጽሔት ላይ ባወጡት የኤም አር አይ ጥናት መለኪያ አስቀምጠዋል፤ እጢው የካሮቲዱን ዙሪያ 270 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ከያዘ ሰርጂኑ ከደም ስሩ ላይ ልጦ ሊያነሳው እንደማይችል ይገመታል። በሰዓት ብናስበው ከ12 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ያለው ዙሪያ ነው። ከ180 በታች ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ይለቃል። የሚያከራክረው በመካከሉ ያለው ነው፤ ስለዚህም «ነክቷል» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይጠቅምም። ስንት ዲግሪ? በስንት ሴንቲ ሜትር ርዝመት? ከባይፈርኬሽኑ በላይ ነው ወይስ በታች? ይህን የጻፈ ሰው ሰርጂኑን ረድቷል።

«እኛ ያለን አልትራሳውንድ ነው፣ ይሄ የሲቲ ሥራ ነው» የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። አልስማማም። አልትራሳውንድ እንደውም ሲቲ የማይችለውን ይችላል፤ እንቅስቃሴ ያሳያል። በሽተኛውን ምራቅ ዋጥ አድርግ በለው፣ ወይም በፕሮቡ ቀስ ብለህ ገፋ አድርግና እጢው በደም ስሩ ላይ ይንሸራተት እንደሆነ ተመልከት። ጁጉላሩ ሲጫኑት ይተኛል? ካልተኛ በውስጡ የረጋ ደም ወይም እጢ ሊኖር ይችላል። የካሮቲዱ ግድግዳ ነጭ መስመር ሳይቋረጥ ይታያል? ይህ ሁሉ ከጄል በስተቀር ወጪ የለውም። ከጉሮሮ ጀርባና ከራስ ቅል ሥር ያለው ግን በአልትራሳውንድ አይታይም፣ እዚያ ሲቲ የግድ ነው፤ እሱም በኮንትራስት። ያለ ኮንትራስት ኖዱና ደም ስሩ አንድ ዓይነት ግራጫ ናቸው።

መጠንን በተመለከተ ብዙ አልልም። የሚለካው ረጅሙ ሳይሆን አጭሩ ዳያሜትር ነው፤ የተለመደው ወሰን 10 ሚሊ ሜትር፣ ከመንጋጋ ሥር ላለው ጁጉሎዳይጋስትሪክ ኖድ 11 ነው። ትንሹ ካንሰር ሊኖርበት፣ ትልቁ ንጹሕ ሊሆን ይችላል።

በአገራችን ደግሞ የእጢ ቲቢ አለ። መሐሉ የበሰበሰና ዳሩ ወፍራም ሆኖ የሚታየው ኖድ በሌላ አገር መጽሐፍ ላይ የካንሰር ሥዕል ነው፤ እዚህ ቲቢም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፍርዱን የሚሰጠው ኤፍ ኤን ኤ እንጂ ምስሉ ብቻ አይደለም። መርፌ ለሚይዘው ሰውም ቢሆን ደም ስሩ የት እንዳለ መንገር ያስፈልጋል። ባይፈርኬሽኑ ላይ ተቀምጦ ሁለቱን ካሮቲዶች እንደ ወንጭፍ ባላ የከፈተ፣ በዶፕለር ደም የሞላው እብጠት ካየን ኖድ ሳይሆን የካሮቲድ ቦዲ እጢ ሊሆን ይችላል። በከፍተኛ ቦታ በሚኖሩ ሰዎች፣ ለምሳሌ በአንዲስ ተራሮች፣ በብዛት እንደሚገኝ ይታወቃል። እኛም ደገኞች ነንና ባንረሳው መልካም ነው። በእሱ ላይ መርፌ መስደድ ቀልድ አይደለም።

ለዲፓርትመንታችን የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው፤ በሎግ ቡካችን የአንገት ገጽ ላይ ሦስት ክፍት ቦታዎች ይጨመሩ፦ ካሮቲድ በዲግሪ፣ የተነካው ርዝመት፣ ጁጉላር ይተኛል ወይስ አይተኛም። ቦታ የለም ከተባለ «ሌላ ካለ ይጠቀስ» የሚለው ሰፊ ሣጥን ይነሳ፤ እሱን የሞላ ተማሪ እስካሁን አላየሁም።