ስንት ሻምፒዮን ይበቃል?

ስፖርት የሰውነትን ብርታትና የአእምሮን ንቃት አስተባብሮ የሚያሳድግ መሆኑ የታወቀ ነው። ዛሬ በዚህ የእሑድ ገጻችን የምናነሣው በአገራችን ስሙ እምብዛም የማይሰማውን፣ በካርታና በኮምፓስ የሚካሄደውን ኦሪየንቲሪንግ የተባለውን ሩጫ ነው። ይህ ስፖርት በተስፋፋባቸው አገሮች ዘንድ አንድ ክርክር ከዓመት ወደ ዓመት ይነሣል። ይኸውም አንድ አገር በዓመት ስንት ዓይነት ብሔራዊ ሻምፒዮና ቢያዘጋጅ ይበቃዋል? የሚል ነው። ጥያቄው የሩቅ ሰዎች ጥያቄ ይመስላል። ነገር ግን ማዕርግን ለማን እንስጥ፣ መቼስ ይበቃል እንበል የሚለው ችግር በስፖርት ሜዳም በጽሕፈት ቤትም ያለ ስለ ሆነ፣ ተማሪዎችና ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ቢያስቡበት የሚጠቀሙበት ይመስለናል።

በመጀመሪያ ስፖርቱ ምን እንደ ሆነ በአጭሩ እንግለጽ። ተወዳዳሪው ካርታውን የሚያገኘው ለመነሣት በተፈቀደለት ሰዓት ብቻ ነው። በካርታው ላይ ተራ ቁጥር ያላቸው ክቦች ታትመዋል፤ በየክቡ ቦታ በምድሩ ላይ ብርቱካንማና ነጭ የሆነ ምልክት ተሰቅሏል። ሯጩ እነዚህን ጣቢያዎች በቅደም ተከተል ማግኘት አለበት። ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው የሚወስደውን መንገድ ግን ማንም አያሳየውም፤ ኮረብታውን ልውጣ ወይስ ልዙር፣ ረግረጉን ልቍረጥ ወይስ በጥርጊያው ልሂድ ብሎ እየሮጠ የሚቈርጠው ራሱ ነው። ስለዚህ እግሩ የፈጠነ ሁሉ አያሸንፍም፤ ፈጥኖ የሳተ፣ ረጋ ብሎ ካልሳተው ኋላ ይደርሳልና።

የዚህ ስፖርት ሥር በስካንዲናቪያ ጦር ሠራዊት ልምምድ ውስጥ ነው። ለሕዝብ ክፍት የሆነ የመጀመሪያው ውድድር በ1897 በኖርዌይ ተደረገ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። በ1919 ኤርንስት ኪላንደር የተባለው የስዊድን መኰንን በስቶክሆልም አቅራቢያ ከ200 በላይ ሰዎች የተካፈሉበትን ውድድር ስላዘጋጀ፣ የዘመናዊው ኦሪየንቲሪንግ አባት ይባላል። በ1961 አሥር አገሮች ኮፐንሃገን ላይ ተሰብስበው ዓለም አቀፉን ፌዴሬሽን መሠረቱ። የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮናም በ1966 በፊንላንድ በፊስካርስ ተካሄደ።

አሁን ወደ ቍጥሩ እንመለስ። በፊስካርስ የነበሩት ማዕርጎች አራት ብቻ ነበሩ፤ በወንድና በሴት የግል ሩጫ፣ እንደዚሁም በወንድና በሴት የዱላ ቅብብል። በግል ሩጫ ኖርዌያዊው ኦገ ሃድለርና ስዊድናዊቷ ኡላ ሊንድክቪስት አሸነፉ፤ የዓለም ሻምፒዮን ማን ነው? ለሚል ሰው መልሱ በሁለት ስም ያልቅ ነበር። ይህም ለሃያ አምስት ዓመት ያህል ጸና። ከዚያ በ1991 አጠር ያለው የጫካ ሩጫ ተጨመረ፤ እርሱም በኋላ መካከለኛ ርቀት ተባለ። በ2001 ስፕሪንት የተባለው እጅግ አጭር ሩጫ ገባ። በ2014 ሁለት ሴቶችና ሁለት ወንዶች አንድ ቡድን ሆነው የሚሮጡት የስፕሪንት ቅብብል ተከተለ። በ2022 ደግሞ ስድስት ስድስት ሆነው የሚጣሩበት የጥሎ ማለፍ ስፕሪንት በዴንማርክ ታየ። አራት የነበረው ማዕርግ ዐሥራ አንድ ደረሰ ማለት ነው።

ብሔራዊ ፌዴሬሽኖችም ይህንኑ ተከትለዋል፤ አንዳንዶቹም አልፈውት ሄደዋል። ስዊድን በዚህ ላይ የሌሊት ሻምፒዮናና እጅግ የረዘመ ርቀት ሻምፒዮና አላት። ስዊዘርላንድም የሌሊትና የቡድን ሻምፒዮና ታደርጋለች። በዚህም ምክንያት ክርክሩ ተነሥቷል፤ አንዱ ወገን ይጨመር ሲል፣ ሌላው ማር ሲበዛ ይመራል ይላል።

ይጨመር የሚሉት ሰዎች የሚያቀርቡት ምክንያት የሚናቅ አይደለም። በቀድሞው ዘመን ሯጩ ጫካ ከገባ በኋላ የሚያየው ሰው አልነበረም፤ ተመልካቹ በመድረሻው ቆሞ ሰዓት ከመቍጠር በቀር ሥራ አልነበረውም። ስፕሪንት ግን ጨዋታውን ወደ ከተማ አመጣው። በ2014 የስፕሪንቱ ፍጻሜ በቬኒስ ጠባብ መንገዶችና ድልድዮች መካከል፣ በ2024ም ሻምፒዮናው በኤዲንብራ ከተማ ሲደረግ፣ አላፊ አግዳሚው ሳይቀር ለማየት ቻለ። ጫካ በአቅራቢያው የሌለው የከተማ ተማሪም በትምህርት ቤቱ ግቢ ሊለማመድ ቻለ። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ አንክደውም።

ይሁን እንጂ ስፕሪንት መልካም ሆኖ መገኘቱ፣ ከእርሱ በኋላ የመጣው ሁሉ መልካም ነው አያሰኝም። እኛ የምናቀርበው የመጀመሪያ መለኪያ ይህ ነው፤ አዲሱ ውድድር ሯጩን ሌላው ያልጠየቀውን ነገር ይጠይቀዋልን?

በዚህ ሚዛን ሲመዘኑ አራቱ ዋና ዋና ዓይነቶች ያልፋሉ። ረጅሙ ርቀት በ1:15,000 ካርታ እስከ አንድ ሰዓት ተኩልና ከዚያም በላይ ይፈጃል፤ የሚፈትነው ጽናትንና በሁለት ሩቅ ጣቢያዎች መካከል መንገድ የመምረጥን ብልሃት ነው። መካከለኛው በ1:10,000 ካርታ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው፤ ጣቢያዎቹ የተቀራረቡና የተሸሸጉ ስለ ሆኑ ዓይን ከካርታው ለአንድ ደቂቃ እንኳ መነሣት የለበትም። ስፕሪንቱ በ1:4,000 ካርታ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ብቻ ነው፤ በሙሉ ፍጥነት እየሮጡ የትኛው በር ክፍት፣ የትኛው ግንብ ዝግ እንደ ሆነ መለየትን ይጠይቃል። የዱላ ቅብብሉ ደግሞ ሯጩን ከሌሎች ጋር ጎን ለጎን ያሰልፈዋል፤ የአንዱና የሌላው ጣቢያ በመጠኑ እንዲለያይ ስለሚደረግ፣ በጭፍን ሌላውን የተከተለ ወደ ሌላው ጣቢያ ይሄዳል። እንግዲህ እነዚህ አራት ጥያቄዎች ናቸው፤ አራት ማዕርግም ይገባቸዋል።

የሌሊቱም ሩጫ ቢሆን በግንባር ላይ በታሠረ መብራት ብቻ ጨለማን መሻገር ስለ ሆነ የራሱ ጥያቄ አለው። ነገር ግን እጅግ የረዘመው ርቀት የረጅሙን ጥያቄ አርዝሞ ከመድገም በቀር፣ የጥሎ ማለፉም የስፕሪንቱን ጥያቄ በአንድ ቀን ደጋግሞ ከመጠየቅ በቀር ብዙ አዲስ ነገር አይጨምሩም። ለተመልካች ደስ ማሰኘታቸው እውነት ነው፤ ደስ የሚያሰኝ ሁሉ ግን ብሔራዊ ማዕርግ አይሰጠውም።

ሁለተኛው መለኪያችን አቅም ነው። አንድ ሻምፒዮና እንዲደረግ ለተወዳዳሪዎች እንግዳ የሆነ ምድር መገኘት አለበት፤ ቦታው ከተመረጠ በኋላም ተወዳዳሪ የሆነ ሰው እንዳይገባበት ይከለከላል። ካርታው በእግር እየተዞረ ድንጋይና ጉድባ ሳይቀር ይነሣል። የባለ ደኑ ፈቃድ ይለመናል። አንዱ ጣቢያዎቹን ይቀይሳል፤ ሌላው ልክ መሆናቸውን ይመረምራል። ይህን ሁሉ የሚሠሩት በአብዛኛው ደመወዝ የማይቀበሉ፣ ከመደበኛ ሥራቸው የተረፈችውን ሰዓት የሚሰጡ የክበብ አባሎች ናቸው። በስብሰባ ላይ አንድ ማዕርግ ለመጨመር እጅ ማንሣት ቀላል ነው፤ በዝናብ ውስጥ ምልክት የሚሰቅለው ግን በዚያ ስብሰባ ላይ የሌለው ሰው ነው። ከዚህም በቀር ወጪው በሯጩ ላይ ይወድቃል። ለእያንዳንዱ ሻምፒዮና ወደ ሌላ ጠቅላይ ግዛት መጓዝ ያለበት ተማሪ፣ ከስድስቱ ወደ ሁለቱ ብቻ ሊሄድ ይችላል። በቀሩት አራቱ የሚሸለመው እንግዲህ የበለጠው ነውን ወይስ የመጣው? አባቶቻችን ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው።

የተጨመረ ነገር አይቀነስም የሚል ሰው ቢኖር፣ እኛ ኢትዮጵያውያን በቅርብ የምናውቀው ምስክር አለ። በ1998 የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና 4 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ አጭር ሩጫ በረጅሙ ላይ ጨመረ። ከ2002 እስከ 2006 ድረስ ቀነኒሳ በቀለ አምስት ዓመት በተከታታይ አጭሩንም ረጅሙንም አሸነፈ። በ2005 ጥሩነሽ ዲባባም በሴቶች ሁለቱን ጠቅልላ ወሰደች። እኛም በደስታ ዘለልን። ይሁን እንጂ ሁለቱ ሩጫዎች በአንድ ሜዳ፣ በአንድ ዓይነት ጭቃና አቀበት የሚደረጉ ነበሩ፤ በርዝመት ካልሆነ በጥያቄ ብዙ አይራራቁም። ከ2006 በኋላ አጭሩ ቀረ፤ በ2007 በሞምባሳም ሻምፒዮናው በአንድ ቀን ተጠቃለለ። የቀነኒሳ ክብር በዚህ አልተነካም፤ ሩጫው ቢቀርም ድሉ በመዝገብ አለ። እንግዲህ መቀነስ የሚቻል መሆኑን፣ የተቀነሰውም ያለፈውን ባለ ድል እንደማያዋርድ ከዚህ እንረዳለን።

ይህን ስንል አንድ ሰው ብዙ ማዕርግ ማግኘቱን መንቀፋችን አይደለም። ስዊዘርላንዳዊቷ ሲሞነ ኒግሊ በ2003 በአገሯ በራፐርስቪል በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ስፕሪንቱንም፣ መካከለኛውንም፣ ረጅሙንም፣ ከጓደኞቿ ጋር ቅብብሉንም አሸነፈች፤ በ2005ም በጃፓን ይህንኑ ደገመችው። ድሏ ድንቅ የሆነው ማዕርጉ ስለ በዛ ሳይሆን፣ አራት ልዩ ልዩ ጥያቄዎች በአንድ ስፍራ፣ በአንድ ሰሞን፣ በሙሉ ተወዳዳሪ ፊት ስለ ቀረቡ ነው። ከ2019 ወዲህ ግን ዓይነቱ በመብዛቱ የጫካው ሻምፒዮና በአንድ ዓመት፣ የከተማው በሌላው ዓመት እንዲፈራረቅ ተደርጓል። እንዲህ ያለውን የአንድ ሰሞን ድል ለማየት የሚጓጓ ወጣት አሁን ዕድሉ ጠቧል። ብዛት የሰጠውን ያህል መውሰዱን እዚህ ላይ እናያለን።

ስለዚህ አስተያየታችን የሚከተለው ነው። ለማንኛውም አገር አራት ብሔራዊ ሻምፒዮና፣ ማለት ረጅሙ፣ መካከለኛው፣ ስፕሪንቱና የዱላ ቅብብሉ ይበቃሉ። የሌሊቱን አምስተኛ አድርጎ መጨመር እንደ ስዊድንና እንደ ስዊዘርላንድ ብዙ ክበብና ብዙ ሯጭ ላለው አገር ይቻላል፤ ለሌላው አይመከርም። የቀረው ሁሉ ይደረግ፤ ነገር ግን ዋንጫ ተብሎ እንጂ ሻምፒዮና ተብሎ አይሁን። አዲስ ዓይነት ማዕርግ የሚጠየቅለትም አስቀድሞ ሦስት ዓመት በዋንጫነት ተፈትኖ፣ ምርጦቹ ሯጮች በፈቃዳቸው የሚመጡለት መሆኑ ሲታይ ነው። በተቻለ መጠንም ውድድሮቹ በአንድ ጉዞ ይጠቃለሉ። ሻምፒዮና ባይባልም በብሪታንያ ከ1967 ጀምሮ በፋሲካ ሰሞን የሚደረገው የያን ሼልስትረም መታሰቢያ ውድድር ለዚህ አርአያ ነው፤ ዛሬ ዓርብ ስፕሪንት፣ ቅዳሜ መካከለኛ፣ እሑድ ረጅም፣ ሰኞ ቅብብል ሆኖ፣ በአንድ መንገድ ወጪ አራቱ ይፈጸማሉ።

ወጣት አንባቢዎቻችን ነገ በየስብሰባው ተቀምጠው ስለ ሽልማት፣ ስለ ማዕርግና ስለ አዲስ ክፍል መቋቋም እንዲወስኑ የሚጠየቁ ናቸው። ለእያንዳንዱ ጭማሪ በቂ ምክንያት ያለው ደጋፊ አይጠፋም፤ የኔ ይቅር የሚል ግን አይገኝም። ስለዚህ ያን ጊዜ፣ ይህ አዲስ ጥያቄ ይጠይቃልን? ሸክሙንስ የሚሸከመው ማን ነው? ብለው እንዲጠይቁ አደራ እንላለን። ሻምፒዮን የሚለው ስም ክብር የሚኖረው፣ ሲጠራ ሰው ሁሉ በየትኛው? ብሎ ሳይጠይቅ የሚያውቀው ሲሆን ነው።