ቀለሙ ወደ ቢጫ ስለተለወጠ በሽታው ድኗል ወይ?



የምረቃ ሰሞን ሲቃረብ በኬሚስትሪ፣ በፋርማሲና በኬሚካል ምህንድስና ክፍሎች ሰሌዳ ላይ የሚለጠፉ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕሶችን ያነበበ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ያስተውላል። የተክሉ ስም ይለዋወጣል እንጂ ርዕሱ ያው ነው፦ የእከሌ ቅጠል የንጥረ ነገር ልየታና የአንቲኦክሲዳንት አቅም። አንዱ ግራዋን ይይዛል፣ ሌላው ዳማከሴን፣ ሌላዋ ጤና አዳምን። ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬና ከዙሪያው ገጠር ለመጣነው ይህ ደስ ይላል። እናቶቻችን ከጓሮ የሚቀነጥሱት ቅጠል ላብራቶሪ ገብቶ ማየት ቀላል ነገር አይደለም።

ችግሩ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የመመረቂያው ጽሑፍ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፣ ከውስጡ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ወጥታ በቴሌግራም ትዞራለች፦ «በሳይንስ ተረጋግጧል»። ቆይታ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ በር ላይ በሚሸጥ ጠርሙስ ላይ ተለጥፋ እናገኛታለን። ጠርሙሱ ስኳርን፣ ደም ግፊትን፣ ጨጓራንና ካንሰርን በአንድ ላይ ያድናል። ገዢዎቹ ደግሞ አባቶቻችን ናቸው።

ምርመራው እንዴት እንደሚሠራ ላላየ ወንድም ባጭሩ እንናገር። ዲፒፒኤች የሚባል ዱቄት በሜታኖል ሲሟሟ ደማቅ ሐምራዊ ይሆናል። ደርቆ የተፈጨው ቅጠል ለብቻው፣ ብዙ ጊዜ እሱም በሜታኖል፣ ይዘፈዘፋል፤ ይጣራል፤ ፈሳሹ ተንኖ የቀረው ዝቃጭ በተለያየ መጠን ሐምራዊው ላይ ይጨመራል። ቅጠሉ ሃይድሮጅን የሚለግስ ነገር ካለው ሐምራዊው እየፈዘዘ ወደ ቢጫ ይሄዳል። ጨለማ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ በስፔክትሮፎቶሜትር 517 ናኖሜትር ላይ ተለክቶ ከቫይታሚን ሲ ጋር ይነጻጸራል። ቀለሙን በግማሽ ለመቀነስ ጥቂት ብቻ ከበቃ ቅጠሉ «ጠንካራ አንቲኦክሲዳንት» ይባላል።

ምርመራውን አንንቅም። ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ለተማሪ እጅ ማፍታቻ ይሆናል። ነገር ግን ፖሊፌኖል ያለው ተክል ሁሉ ያልፈዋል። ቡና ያልፈዋል፣ ሻይ ቅጠል ያልፈዋል። ሁሉም የሚያልፈው ፈተና ማንን ከማን ይለያል? ሜታኖል ራሱስ መርዝ አይደል? በጃቢ ጠህናን ምች የመታው ሰው ዳማከሴ በመዳፍ ታሽቶለት ጭማቂውን በቡና ይጠጣል እንጂ በሜታኖል ዘፍዝፎ የሚያጠጣው የለም። እኛ የመረመርነውና እነሱ የሚጠጡት አንድ ነገር መሆኑን ማን አረጋገጠ?

ደግሞስ አንቲኦክሲዳንት የሆነ ሁሉ ይጠቅማል ያለው ማን ነው? በፊንላንድ 29,133 ሲጋራ አጫሽ ወንዶች የተሳተፉበት ጥናት ውጤቱ በ1994 እንደ ፈረንጆቹ ወጥቶ ነበር። ከካሮት የምናውቀውን ቤታ ካሮቲን በክኒን የወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር ይቀንሳል ተብሎ ሲጠበቅ በ18 በመቶ በልጦ ተገኘ። በሙከራ ቱቦ ውስጥ ቤታ ካሮቲን ጥሩ አንቲኦክሲዳንት ነው። የሰው ሆድና ጉበት ግን የሙከራ ቱቦ አይደሉም። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤትም የምግቦችን የአንቲኦክሲዳንት አቅም የሚያሳየውን የቁጥር ዝርዝር በ2012 አንስቶታል። ምክንያቱ ቁጥሮቹ በሰውነት ውስጥ ለሚሆነው ነገር ማስረጃ አለመሆናቸውና ነጋዴዎች ለማስታወቂያ መጠቀማቸው ነበር። እዚያ የተጣለውን ቁጥር እዚህ እኛ ጠርሙስ ላይ እንለጥፈው?

«የጥቁር አዝሙድ ሐዲስስ?» የሚለን ወንድም ይኖራል። ሐዲሱ ሶሒሕ ነው፣ እናምንበታለን። መድረሳ የተማርን ሁሉ ግን በሙስሊም የተዘገበውን የጃቢርን ሐዲስም አብረን ቀርተናል፦ ለበሽታ ሁሉ መድኃኒት አለው፣ መድኃኒቱ በሽታውን ሲያገኘው በአላህ ፈቃድ ይድናል የሚል መልእክት ያለውን። ኢብኑል ቀይዪም በዛዱል መዓድ የቆሙት «ሲያገኘው» የምትለው ላይ ነው። መድኃኒቱ በዓይነትም በመጠንም ከበሽታው ካለፈ ሌላ በሽታ ያመጣል፣ ካነሰም አይመክተውም ብለው ያብራራሉ። ይህ የተጻፈው ከስድስት መቶ ዓመት በላይ አልፎታል፤ ዛሬ ፋርማሲ ክፍል ውስጥ ዶዝ ተብሎ የሚማሩት እሱኑ ነው። ኢብን ሲናም በአል-ቃኑን መድኃኒት የሚፈተንበትን ደንብ ሲያስቀምጡ ከመጨረሻዎቹ አንዱ ፈተናው በሰው አካል ላይ መሆን አለበት የሚል ነበር፤ አንበሳ ወይም ፈረስ ላይ የታየው ሰው ላይ ላይሠራ ይችላልና። ቱቦን ቢያዩ ምን ይሉ ነበር?

መጠን አለማወቅ የሚያስከፍለውን አገራችን ታውቃለች። ኮሶ የአያቶቻችን የታወቀ መድኃኒት ነበር፣ ትሉን ያወጣል። ከልክ ያለፈ ኮሶ ግን ዐይን እንደሚያጠፋ በሕክምና ጽሑፍ ሰፍሯል። ጤና አዳም በቡና ላይ ጣል ሲደረግ መዓዛ ነው፣ በብዛት ሲወሰድ ደግሞ ለነፍሰ ጡር የሚያሰጋ ነው። ጥቁር አዝሙድም የደም ስኳርን ዝቅ የማድረግ ባሕርይ ታይቶበታል፤ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ አባት ለሐኪሙ ሳይነግር ዘይቱን ቢደርብበት ስኳሩ ከሚገባው በታች ሊወርድበት ይችላል። የጠርሙሱ ወረቀት ይህን አይጽፍም።

ታዲያ ምን ይመርመር? ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እንደ ፈረንጆቹ ዐድዋ ላይ ያደረጉትን እናስታውስ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ያ ቀንድ አውጣ ነበር። ጥያቄያቸው «እንዶድ ምን ያህል አንቲኦክሲዳንት አለው?» አልነበረም። ሕዝቡ በተጠቀመበት መንገድ፣ በውኃ፣ ምን እንደሚገድልና ምን ያህል እንደሚበቃ ጠየቁ። ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ሆነው ለዓመታት ለፉበት፣ በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አገኙ።

ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ የወባ መድኃኒቱን አርቴሚሲኒንን ስትፈልግ የመጀመሪያው ዝቃጭ አስተማማኝ ውጤት አልሰጣትም። በአራተኛው ክፍለ ዘመን የነበረውን የጌ ሆንግን መጽሐፍ መለስ ብላ ስታነብ ቅጠሉ በውኃ ተዘፍዝፎ ይጨመቃል እንጂ ይቀቀላል አይልም። ሙቀቱ ነው የሚያበላሸው ብላ በኤተር፣ በዝቅተኛ ሙቀት፣ አወጣችው። በ2015 የኖቤል ሽልማት ተሰጣት። አያቶች «አትቀቅለው» ሲሉ ዝም ብለው አይደለም ማለት ነው።

እዚሁ ምዕራብ ጎጃም ደጋ ዳሞት ውስጥ የባህል ሐኪሞች የሚጠቀሙባቸውን ዕፅዋት የመዘገበ ጥናት በ2017 ታትሟል፤ የትኛው ክፍል፣ እንዴት ተዘጋጅቶ፣ በምን መንገድ እንደሚሰጥ የሚጠይቅ ዓይነት ጥናት ነው። የሚቀጥለው ላብራቶሪ ከእንዲህ ያለው ዝርዝር ቢነሳ ግማሹ መንገድ አለቀ። እርግጥ በእኛ አገር ዕውቀቱን ማውጣት ቀላል አይደለም። የጎጃም መድኃኒት ዐዋቂ፣ ደብተራም ይሁን ሸህ፣ ቅጠሉን ለአንድ ልጁ ብቻ አሳይቶ ይሞታል። ስስት ነው እንላለን፣ ግን ተማሪ መጥቶ ጠይቆ፣ ጽፎ፣ ተመርቆ ተመልሶ ካልመጣ ለምን ይንገረው? የማኅበረሰብ ዕውቀትን መብት የሚደነግግ አዋጅ ቁጥር 482/1998 አለን። ከአዋጁም በፊት ግን የሰጡንን አማና መመለስ ዲናችን ነው።

ስለዚህ በዘንድሮው ክረምት ወደ ፍኖተ ሰላም፣ ወደ ቡሬና ወደ ገጠሩ የምንገባ የጀመዓው ልጆች በዚህ ተስማምተናል። የቤታችንን መድኃኒት ስም ብቻ ይዘን አንመለስም። እናቶች «አንድ እፍኝ» ሲሉ እፍኙን ሚዛን ላይ እናስቀምጣለን፣ «አንድ ስኒ» ሲሉ ስኒውን እንለካለን፣ ቅጠሉ በምን ወር እንደተቀጠፈና ለማን እንደማይሰጥ እንጽፋለን። «ለነፍሰ ጡር አይሆንም» የሚለው ቃል ከማንኛውም ግራፍ ይበልጥብናል። ናሙናው ከነአበባው ደርቆ ይምጣ፣ አለዚያ የትኛው ተክል እንደሆነ ለይቶ የሚናገር ሰው አይኖርም። የኬሚስትሪ ልጆች በውኃ የወጣውን ከሜታኖሉ ጎን ያስኬዱት፤ መርዛማነቱንም በጥቃቅኖቹ የጨው ውኃ ሽሪምፖች ይፈትሹት፣ ወጪው ትንሽ ነው። በጀመዓው ቴሌግራም ላይ የሚለጠፍ የመድኃኒት መልእክት ደግሞ ከመለጠፉ በፊት ሁለት የፋርማሲ ተማሪ እህቶች እንዲያዩት ጠይቀናቸው እሺ ብለዋል። የመጀመሪያው ሥራቸው በር ላይ የሚሸጠው ጠርሙስ ነው።